የቅርጫው ቢላ

ቅርጫ ላይ ቀልድ የለም። ሻኛው ለሁሉም፣ ፍሪምባው ለሁሉም፤ መደቡ ተደርድሮ ዕጣ እስኪወጣ አንዲት ቁራጭ ጨጓራ ወዲህ ወዲያ ካለች ጎረቤት ከጎረቤት ይኳረፋል። በዘንድሮው ፋሲካ ግን እኩል የተካፈልነው ሥጋውን ብቻ አልነበረም።

በሬው የወደቀው ቅዳሴ ወጥቶ፣ ገና ሳይነጋ ነው። አራጃችን እጃቸው ፈጣን ነው፤ ቢላቸው ግን አንድ ነው። ጨጓራውን ቀደው ፈርሱን ዘረገፉ፣ ቢላውን ሱሪያቸው ላይ ጠረግ ጠረግ አደረጉና በቀጥታ ወደ ሽንጡ ዞሩ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ውኃ ላፍስስበት?»

«ምን ያደርጋል? መልሶ ሊቆሽሽ!» አሉና ከሽንጡ ቆርጠው፣ ሚጥሚጣ አስነክተው አጎረሱኝ። ከ55 ቀን ጾም በኋላ ከታላቅ ሰው እጅ የመጣ ጉርሻ ማን ይመልሳል?

ሰኞ ማታ ከሽንት ቤት መውጣት አቃተኝ። ግድግዳችን ስስ ነውና የጎረቤቴም በር ሌሊቱን ሙሉ ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማኛል።

ጠዋት የሰፈሩ እናቶች ሊጠይቁኝ መጡ። አንዷ «ሆዱ ከጾም ወጥቶ ቅቤ ሲያይ ደንግጦ ነው» አሉ። ሌላዋ «ኮሶ ነው» አሉ። ሦስተኛዋ የሰው ዓይን ጠረጠሩ። ቢላውን የጠረጠረ አልተገኘም።

ኮሶ እንኳ በዚህ አይከሰስም። በጥሬ ሥጋ የገባው እጭ አድጎ ትል እስኪሆን ከ2 እስከ 3 ወር ይፈጅበታል። በማግስቱ የሚያስሮጠው ከፈርሱ ወደ ሽንጡ በቢላ የተሻገረው ባክቴሪያ ነው፤ ኢ. ኮላይም ሳልሞኔላም የከብት አንጀት ውስጥ ይኖራሉ። ሚጥሚጣው አይገድላቸውም፤ የአረቄ ጠበቆች ይቅር ይበሉኝና አረቄውም አያድንም። የሚገድላቸው እሳት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ምግቡ እስከ ውስጡ 70 ዲግሪ ይድረስ ይላል፤ ለብለብ ክትፎ እዚያ አይደርስም።

ቄራ ቢሆን ሐኪም መርምሮ ማኅተም ይመታበታል። የቅርጫ መርማሪ የራሳችን ዓይን ነው፤ እሱም የሚጠብቀው ድርሻችን እንዳያንስ ነው።

እኔ የተነሣሁት በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 ያልተከመረ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጬ፣ ቀስ እያልኩ ስጎነጭ ውዬ ነው።

የመጪው ቅርጫ ሰብሳቢዎች፣ ጥሬውን ተዉ ብል እንደማትሰሙኝ አውቃለሁ። ቢያንስ ከመዋጮው ላይ ሁለት ቢላ፣ ሳሙናና አንድ ጀሪካን ውኃ ግዙ፤ አንጀት የነካው ቢላ ሽንጥ አይንካ። ሁለተኛው ቢላ ኮሶን አያስቀርም፤ ስለዚህ የእኔን ድርሻ ጥብስ አደርገዋለሁ።