የአገር ልጅ ቪትዝ

ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ አሮጌ ቪትዝ ለገበያ ስትወጣ መጀመሪያ የሚነገረው የሞተሯ ጤና ሳይሆን የሻጩ የዘር ሐረግ ነው። አባቱ የታወቁ ሰው፣ አጎቱ መርካቶ ሱቅ ያላቸው፣ እሱም ለመስቀል አገር ቤት ሳይገባ ቀርቶ የማያውቅ። ይህ ሁሉ ከተዘረዘረ በኋላ ኮፈን ከፍቶ ማየት የሰውየውን አባት መሳደብ ይመስላል። እኔ ግን የአገር ልጅ መኪና ከባዕድ መኪና የበለጠ መመርመር አለባት ባይ ነኝ። ባዕድ ቢያታልል የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ ነው፤ የአገር ልጅ ሲሆን ዝምድናውም አብሮ ይሄዳል፣ በዚያ ላይ በየለቅሶውና በየሠርጉ ፊት ለፊት መቀመጥ አለ። ማስረጃ ከተባለ እቁብ አለ። እቁብ በመተማመን የቆመ ነገር ነው፤ ሆኖም ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ሳይጠራ ብሩን አይወስድም። “እኔን አታምኑኝም?” ብሎ የሚያኮርፍ ቢኖር መሳቂያው እሱ ነው። ታዲያ ብር ሲሰጥ ዋስ የለመደ ሰው፣ ብሩን በመኪና ሲለውጥ ምን ያሳፍረዋል?

መኪናም ዋስ አላት፤ ዋሶቿ ግን ማንም ቀለም ሊቀባው ባላሰበው ቦታ ነው ያሉት። ቆጣሪው 60,000 ኪሎ ሜትር እያለ የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ተበልቶ ካለቀ፣ የሚታመነው ፔዳሉ ነው። የኋላውን በር ከፍቶ፣ ምንጣፉን ገልጦ የትርፍ ጎማውን ጉድጓድ ያየ ሰው ብየዳ ካገኘ የግጭቱን ታሪክ ከሻጩ መስማት አያስፈልገውም። ደግሞም ቶዮታ አሮጌዋን ቪትዝ በዚህ ስም የሸጠው ለጃፓን ገበያ፣ መሪዋን በቀኝ አድርጎ ነው። ስለዚህ በግራ መሪ የምትሄደው ቪትዝ ወይ መሪዋ የዞረ ናት፣ ወይ ቪትዝ ነኝ የምትል ያሪስ ናት። መዞሩ ነውር የለውም፤ እንዴት እንደዞረ ግን ዳሽቦርዱ ሥር ያለው የሽቦ ትብትብ ይናገራል። ሞተሩ ሳይሞቅ መድረስ ነው፤ ሻጩ “ስጠብቅህ አሞቅኋት” ካለ በማግሥቱ ማልዶ መመለስ። የዘይት መክደኛው ሥር ማኪያቶ የመሰለ ነገር ከተገኘ ውሃና ዘይት ተቀላቅለዋል፤ የቴስታ ጉዋርኒሲዮን ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። ሰማያዊ ጢስ ዘይት እንደምትበላ ይመሰክራል። ቀሪውን መንገዱ ይጠይቃት፤ የወልቂጤ ሰው በጅማ መንገድ ወደ ግቤ ሸለቆ ወርዶ ይመለስባት፣ የቡታጅራው ወደ ዘቢዳር ተራራ ቀና ይበልባት። ቁልቁለቱ ፍሬኑን፣ ዳገቱ ራዲያተሩንና ካምቢዮውን ያናዝዛል።

“ቶዮታ አይሞትም” የሚሉ አሉ። የማይሞተው ሲታከም ነው፤ ያልታከመው መለዋወጫ ሆኖ ይኖራል። “ቦሎ አላት” ይባላል፤ ቦሎ የተመረመረችበትን ቀን እንጂ የዛሬዋን አይመሰክርም። “እኔ መካኒክ አይደለሁ” ለሚልም መካኒክ አለ፤ ሻጩ የጠቆመው ግን አይሁን። “መጥፎ ብትሆን ይህን ያህል ታወጣለች?” የሚለው ክርክር የባሰ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ውድነት የጤና ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ወረቀቱ አለ። የሊብሬው ሻንሲና ሞተር ቁጥር ከብረቱ ጋር ይመሳከር፤ ዕዳና እግድ እንደሌለባት ፋይሏ ካለበት መንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ይጠየቅ። በውክልና ከእጅ እጅ የዞረችውንማ ወካዩ በሕይወት ሳለ ስም ማዛወር ነው፤ ሰውየው ሲሞት ውክልናውም አብሮት ይሞታልና።

የሰባት ቤት ጉራጌ ሽማግሌዎች የጆካ ሸንጎ ተቀምጠው በባህላዊው ሕግ በቂጫ ስንት ጠብ አብርደዋል፤ የተቃጠለ ጉዋርኒሲዮን ግን በእርቅ አይድንም። እውነተኛ የአገር ልጅ ኮፈኑን ራሱ ከፍቶ፣ በስልኩ መብራት እያበራ ያሳያል። ካኮረፈ ግን ኩርፊያውም እንደ ጢሱ ምልክት ነውና፣ ምርመራው በዚያው አለቀ።