ማራኪ ተከራይቶ የሚማርክ ያጣው ወዳጃችን

«ጎንደር ከግንቡ ሌላ ምን አላት? እኛ ሰፈር ምንም የለም!» አልህ አሉ። እስቲ ወዲህ በል! እናንተም መንገደኞች ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ይህን ሰው ሰምታችሁ ፍረዱ። ምንም እንደሌለ በምን አየ? በመስኮት! መስኮቱስ ወዴት ያሳያል? ወደ ጓሮ!

ታሪኩን እኔ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ማራኪ ተከራየ፤ የሚማርክ ነገር የለም ብሎ ለቀቀ። ሳሙና በር ገባ፤ ዓይኑን ሳይታጠብ ወጣ። አውቶ ፓርኮ ሄደ፤ መኪናው ሁሉ ሲንቀሳቀስ እሱ ብቻ ቆሞ ቀረ። አራዳ ገበያ ሥር ከረመ፤ አራዳ ሳይሆን ተመለሰ። አሁን ደግሞ አዘዞ ገብቶ ያዛል፦ «መናፈሻ ይምጣልኝ! ጂም ይምጣልኝ! ካፌ ይምጣልኝ!» አዘዞ የገባ ሁሉ አዛዥ ይሆናል ያለህ ማን ነው? ወንድሜ፣ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም። አንተ ጉልቻውን ለወጥህ፣ አከራዩን ለወጥህ፣ ሰፈሩን ለወጥህ። ያልነካኸው እግርህን ነው። እሱን ከደጅ አውጣው!

«በስልኬ ፈልጌ አጣሁት» ትላለህ። ታጣዋለህ እንጂ! መታጠፊያው ላይ ማዳበሪያ አንጥፈው ጉልት የሚቸረችሩት እትዬ ካርታ ላይ የሉማ። ቲማቲሙን በመደብ በመደብ ደርድረው፣ ቃሪያውን ውሃ እየረጩ ከጠዋት እስከ ማታ እዚያው ናቸው። ማን ቤት ክፍል እንደተለቀቀ ያውቃሉ። ቧንቧ የሚጠግነው የማን ልጅ እንደሆነ ያውቃሉ። ቢላ ሞራጁ በስንት ቀኑ እንደሚያልፍ፣ ጤና ጣቢያው የሕፃናት ክትባት የሚሰጥበትን ቀን፣ የትኛዋ ሴትዮ እንጀራ ለቤት እንደምታደርስ፣ የትኛው ልብስ ሰፊ ቀጠሮ እንደሚያከብር፣ ሁሉንም ያውቃሉ። ክፍያው የአንድ መደብ ቲማቲም ዋጋ ነው፤ ያውም ምራቂ አለው። ለእኔ ዋናው ዕቃ ወሬው ነው፤ ቲማቲሙ ነው ምራቂው! አንተ ግን አንዲት «እንደምን ዋሉ፣ እትዬ» ቆጥበህ ጥቅል ሙሉ ዳታ ትጨርሳለህ። ስማኝማ፦ ጉልት ያልገባ ሰው ሰፈሩ አይገባውም!

«እሺ ውሃስ?» አልህ። ይኸውላችሁ፣ አንድ ቁም ነገር ወጣው! እዚህ ላይ አልከራከርህም። ውሃው በተራ ነው የሚመጣው፤ አንገረብ ሲጎድል አንጀት ያንገበግባል። ግድቡን ደለል እየሞላው ነው፤ ከተማው ደግሞ ጥሎት አድጓል። የመገጭ ግድብም ሲጠበቅ ዓመታት አልፈዋል። ይህን ባለሥልጣን ፊት ቆመህ ጠይቅ፤ አብሬህ እቆማለሁ። ግን የሰፈርህ ተራ መቼ እንደሆነ የሚያውቀው ማን ነው? ጎረቤትህ ናት! ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ቧንቧው ሲያፏጭ ተነሥታ፣ ጀሪካኗን ደቅና፣ ቀጥሎ በር የምታንኳኳ እሷ ናት። ስሟን ታውቃለህ? አታውቅም። የአንተን በር እንድታንኳኳ በምን ትወቅህ? ጀሪካንህን ባዶ ያደረገው ግድቡ ብቻ አይደለም፤ አንገትህን ደፍተህ የምታልፋት ያቺ ሰላምታም አለችበት!

«የሚረዳኝ የለም፤ ዕድሌ ነው» አልህ ደግሞ። የምን ዕድል? የጎደለህ ዕድር ነው! የዕድሩን ዕቃ ቤት ገብተህ አይተሃል? ድንኳኑ ተጠቅልሎ ጥግ ይዟል። አግዳሚው እስከ ጣሪያ ተደራርቧል። ሁለት ሰው የሚያነሣው ብረት ድስት፣ በጎኑ የዕድሩ ስም በቀይ ቀለም ተጽፎበት፣ አፉን ደፍቶ ተቀምጧል። ሳህኑ በቁጥር ይወጣል፤ በቁጥር ይገባል፤ አንዲት ማንኪያ ብትጎድል ወሳጁ ይተካል። ዕቃው የማን ነው? የአባሉ ነው። አባል ብትሆን የአንተም ነበር! በሐዘን ቀን ጥሩንባው ሲነፋ ሰው ሥራውን ጥሎ የሚመጣው ለማን ነው? መዋጮውን ለከፈለ፣ ቀብር ለወጣ፣ ድንኳን ለተከለ። ሰንበቴው አለ፤ ማኅበሩ አለ፤ ሙስሊሙ ጎረቤትህ ጀመዓው አለው። ገንዘብ ቸገረኝ ካልህ እቁብ አለ። ባንክ መያዣ አምጣ ይላል፤ እቁብ ዋስ አምጣ ይላል። አንተ ሁለቱም ጋ የምታመጣው ሰበብ ነው!

አሁን ደግሞ «ዩኒቨርሲቲው ለተማሪ እንጂ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» ይላል። ኧረ ቀስ በል፣ ተማሪዎች ይሰሙሃል! የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ነው። እዚሁ ጎረቤታችን ደንቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሰው ከፈጀ ብዙም ሳይቆይ ነው የተከፈተው። ያሠለጠነው የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን ነበር። እነዚያ ተማሪዎች ክፍል ውስጥ ብቻ ተቀምጠው አልተማሩም። መንደር ወጡ፤ ክትባት ሰጡ፤ ምንጭ አጎለበቱ፤ ሽንት ቤት አስቆፈሩ። እነሱ በሽተኛ ፍለጋ በእግራቸው ሲዞሩ፣ አንተ ጤነኛው ተኛህ!

ዛሬም ሆስፒታሉ አለልህ። ወገብህ ከመተኛት ብዛት ከተያዘ ፊዚዮቴራፒ የሚያስተምርም የሚያክምም ክፍል አለው። የሕግ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ጠበቃ ለማቆም አቅም ለሌለው ሰው ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። መበለቷ የቀለብና የውርስ ጉዳይዋን ይዛ ትሄዳለች። አንተ አከራይህ ዋጋ ሲጨምርብህ ፌስቡክ ላይ ትከሳለህ። ፌስቡክ ፍርድ ቤት ነው እንዴ? እዚያ የሚሰጥህ አውራ ጣት ነው፤ በአውራ ጣት ደግሞ ይግባኝ አይባልም!

ቆይ፣ ገና መዝናኛው ላይ አልደረስንም። «ግንቡስ ምን ይሠራል? የተደረደረ ድንጋይ ነው» ያልኸው አንተ አይደለህም? ራስ ግንብን አላየህም እንጂ ራስህስ ግንብ ሆኗል! የፋሲል ግንብ ግቢ ለነገሥታቱ ሰፈራቸው ነበር። ሰፈር ምን ሊኖረው እንደሚገባ ከእነሱ ተማር። ጻድቁ ዮሐንስ መጻሕፍት ቤት ሠሩ። ሣልሳዊ ዳዊት የዘፈን ቤት አቆሙ። በካፋ የግብር አዳራሽ ጨመሩ። የእንፋሎት መታጠቢያም አለው፤ የአንበሶች ቤትም አለው። አንበሳው እንኳ ቤት ተሠርቶለት ነበር! አጥሩ 900 ሜትር ያህል ይዞራል፤ በሩ 12 ነው። አሥራ ሁለት በር ካለው ግቢ አጠገብ ቆሞ «መግቢያ አጣሁ» የሚል ሰው እስቲ ከየት ይገኛል? ዩኔስኮ ከፓሪስ ሆኖ አይቶት እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት መዘገበው። አንተ ከፒያሳ ሆነህ አጣኸው! ፒያሳ ስልህ ደግሞ፣ ጣሊያን በአምስቱ ዓመት የሠራው ፖስታ ቤት እዚያው ቆሟል። ደብዳቤ እንዳትልክ የሚያውቅህ ሰው የለም፤ አድራሻ እንዳትሰጥ በየወሩ ትለቃለህ!

ፋሲል መዋኛም «ከጥምቀት ውጭ ባዶ ነው» ብሏችኋል። ለጥምቀትማ ከቀሃ ወንዝ ውሃ ይገባለታል፤ ጎረምሳው ከነልብሱ ይወረወራል፤ ዓለም ካሜራውን ይዞ ይመጣል። በሌላው ቀን ግን ግባና ዛፎቹን እያቸው። ሥራቸው በግንቡ ላይ ተጠምጥሞ፣ በድንጋዩ መካከል ሰንጥቆ ወርዶ፣ ከአጥሩ ጋር አንድ አካል ሆኗል። ጥላው ሥር ተማሪ መጽሐፉን ይዞ ያነባል፤ አሮጊቷ ከፀሐይ ትጠለላለች። እንግዲህ ዛፉ ድንጋይ ላይ የሚኖርበትን አግኝቶ ሥር ሰዷል። አንተ በሰው መካከል ሥር መስደድ አቅቶህ ዕቃህን እንደጠቀለልህ ነህ!

«ለነፍሴም የሚሆን አጣሁ» አለ! ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግባ፤ ጣሪያው ላይ የተሣሉት መላእክት ዓይናቸውን ገልጠው ያዩሃል። እነሱ ያዩሃል፤ አንተ ግን አላየሃቸውም። በአታ ውረድ፤ የአቋቋም ጉባኤ ነው። ዝማሜውንና ጽናጽሉን ለመማር የቆሎ ተማሪ ከስንት አገር አኩፋዳውን ይዞ በእግሩ ይመጣል። ሰው አቋቋም ሊማር ጎንደር ይመጣል፤ አንተ ጎንደር ተቀምጠህ አቋም የለህም!

«ብቻዬን ነኝ፤ ከነማን ጋር ልሂድ?» አለ። ከነማ ነው ያልኸው? ፋሲል ከነማ አለልህ! ዐፄዎቹ በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ሲያነሡ የት ነበርህ? ጨዋታው ሌላ ከተማ ቢሆን እንኳ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ሁሉ ይሞላል። ገብተህ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጥ። ጎል ሲገባ አጠገብህ ያለው የማታውቀው ሰው ያቅፍሃል። ስሙን በእረፍት ሰዓት ጠይቀው፤ ቧንቧ ጠጋኙ እሱ ሊሆን ይችላል!

ልጁ አሁን «ውጭ አገር ነው የሚሻለኝ፤ አዲስ ዓለም ልይ» እያለ ነው። አዲስ ዓለም? በባጃጅ ውሰዱት! እዚሁ ከተማው ውስጥ ነው፤ የጥንቶቹ ሙስሊም ነጋዴዎችና ሸማኔዎች ሰፈር። ለአዲስ ዓለም ቪዛ የሚጠይቅ ጎንደሬ አይቼ አላውቅም! ከዚያ በደባርቅ መንገድ ወጣ በልና ወለቃ ግባ፤ የቤተ እስራኤል መንደር የነበረው ነው። ሰዎቹ አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ የሸክላው እጅ ግን አልጠፋም። ትንንሾቹን የሸክላ ምስሎች አገላብጠህ እይ። እዚያ ድረስ እግሬ ወለቀ እንዳትል፤ ታክሲ አለ!

አሁንም ደበረኝ ካልህ ደባርቅ ሂድ። 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 ዓለም መጀመሪያ ከመዘገባቸው 12 ቅርሶች አንዱ ነው። ጭላዳው ቀኑን አፋፍ ላይ ቁጭ ብሎ ሣር ሲነጭ ይውላል፤ ሲመሽ ገደሉ ውስጥ ወርዶ ያድራል። ሰፈሩ ገደል ነው፤ አብረውት የሚውሉትን ግን አንድ በአንድ ያውቃቸዋል። ጠጉር ለጠጉር ተበጣጥረው ነው የሚውሉት! አንተ ባለ ቆርቆሮ ቤት፣ ባለ መብራት፣ ባለ ቁልፍ፤ ግድግዳ የምትጋራውን ሰው አታውቅም!

ሲጨንቀው ምን አለ መሰላችሁ? «ይህን ሁሉ ማን ነገረኝ?» አለ። ጠይቀሃል? ጉልቷን ጠይቀሃል? ሊስትሮውን ጠይቀሃል? አከራይህን ከኪራይ ሌላ ስለ ምን አናግረሃል? እንካ፣ እኔ ነገርኩህ፤ መንገደኛውም ሁሉ ምስክር ነው። እሁድ ከቅዳሴ መልስ የዕድሩ ስብሰባ አለ። መመዝገቢያህንና የመጀመሪያ ወር መዋጮህን ይዘህ ና። ያረፈደ ይቀጣል፤ ገንዘብ ያዡ ደግሞ እኔ ነኝ!