በእንተ ሞላ፦ ስለ መኪና ዝቅታ በመካነ ሰላም አንጻር የቀረበ ሐተታ

የስፖርት መኪና ያለው ሰው፣ መኪናው ከፋብሪካ እንደ ወጣ ከመሬት ያለው ከፍታ ለክብሩ የማይመጥን መስሎ ሲታየው፣ ዝቅ ለማድረግ ሁለት ጎዳና እንዳለው የዘመኑ ጠቢባን ይስማማሉ፤ ይኸውም አንደኛው አጭርና ጠንካራ ሞላ ገዝቶ በነባሩ ሾክ አብዞርበር ላይ መለወጥ፣ ሁለተኛው ደግሞ ሞላውና ሾኩ ተዋሕደው የተሠሩበትን፣ በጥርሱ ላይ እየዞረ ከፍና ዝቅ የሚለውን፣ ኮይልኦቨር የተባለውን ዕቃ ማስገባት ነው። የትኛው ይበልጣል በሚለው ነገር በባሕር ማዶ ወዳጅ ከወዳጁ እስከ መቀያየም ስለ ደረሰ፣ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳው የሃይማኖት ጉባኤ እንደ ሆነው ሁሉ ንጉሥ በዳኝነት ካልተቀመጠለት በቀር ክርክሩ የሚቋጭ አይመስልም። እኛም ይህን ታላቅ ጥያቄ፣ ሊቃውንቱ ሳያነሡት በቀሩበት አገር፣ በመካነ ሰላምና በዙሪያው ባለው በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ ልንመረምረው ተነሥተናል።

«በመካነ ሰላም ከባጃጅ፣ ከቅጥቅጥ አይሱዙና ከሲኖትራክ በቀር የስፖርት መኪና ማን አይቶ ያውቃል?» ብሎ የሚቃወመን አንባቢ ቢኖር፣ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ የመምጣቱ ተስፋ ይበልጥ መመንመኑን ሳንሸሽግ፣ የዕቃው አለመኖር ለሐተታ እንቅፋት እንዳልሆነ እናስታውሰዋለን፤ ሊቃውንት በዓይናቸው ስላላዩት ነገር የጻፉት ስላዩት ከጻፉት ይበዛልና።

የሞላ ባሕርይ አስቀድሞ የተመረመረ ነው። ሮበርት ሁክ የተባለው እንግሊዛዊ ጠቢብ፣ የሞላ ጉልበት በተሳበበት ወይም በተጨመቀበት ልክ የሚያድግ መሆኑን ከደረሰበት በኋላ፣ ሌላው እንዳይቀድመው ሠግቶ ምሥጢሩን በ1676 እ.ኤ.አ. ፊደላቱን ዘበራርቆ አሳተመ፣ ትርጓሜውንም በ1678 ገለጠ፤ ይህም ደብተራ ሁሉ የሚያመሰግነው ጥንቃቄ ነው። አጭሩ ሞላ መኪናውን ከ2 እስከ 4 ሳንቲሜትር ያህል ያወርደዋል፤ ክብደቱ ወደ መሬት ስለሚቀርብ፣ ሞላውም ስለሚጠነክር፣ በመታጠፊያ ላይ መኪናው እንደ ቀድሞው አይጋደልም። ነገር ግን ሾኩ ለረጅሙ ሞላ የተሠራ ነበርና የሚመላለስበት ስፍራ ይጠብበዋል፤ ጎማውም ከላይ ወደ ውስጥ ዘንበል ብሎ፣ አሰላለፉ ካልተስተካከለለት፣ ባንድ ወገን ይበላል። ኮይልኦቨሩ በአንጻሩ ሞላና ሾኩ በልክ የተጣጣሙ፣ ቁመቱም በመፍቻ የሚታዘዝ በመሆኑ ይመሰገናል፤ የዋጋው ነገር ግን በባለቤቱ ሚስት ፊት ባይነሣ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ጥበብ የሚጸናው ከሥሩ መንገድ ሲኖር ነው። በክረምት ዋልካው ሲርስ፣ በበጋ ኮረኮንቹ ጥርሱን ሲያወጣ፣ ከመካነ ሰላም ወደ ገጠሩ ወጣ ያለ መንገደኛ 4 ሳንቲሜትር ምን ያህል ታላቅ ሀብት እንደ ሆነ ይማራል። ቅጥቅጡ ክፉ ስፍራ በደረሰ ጊዜ ረዳቱ በሩን ከፍቶ «እስቲ ወረድ ወረድ በሉልን፣ ይቅለለው!» ይላል፤ ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ እናትየዋ ልጇን አዝላ፣ ተማሪው ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ ይወርዳሉ፤ ሸክሙ የቀለለለት ባሌስትራም ተንሥቶ መኪናውን ጥቂት ጣት ያህል ከፍ ያደርገዋል። በዚህ አገር ዝቅ የሚለው ተሳፋሪው እንጂ መኪናው አይደለም። አንድም፣ ትሕትና ከሰው የሚጠበቅ ግብር ነውና። አንድም፣ ተሳፋሪ በራሱ እግር ተመልሶ ይወጣል፣ ሆዱ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ መኪና ግን ያለ ሌላው ጉልበት አይወጣምና።

የታሪክ ምስክርም አለን። በጋፋት ተሠርቶ ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ የሚታየው፣ ሰባት ቶን ያህል ይመዝናል የሚባለው ሴባስቶፖል መድፍ፣ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ የደረሰው በሠረገላ ላይ ተጭኖ፣ በብዙ መቶ ሰዎች ጉልበት እየተጎተተ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ሠረገላው ከፍ ይበል ወይስ ዝቅ ይበል ብለው ጉባኤ አልጠሩም፤ ድንጋዩን አስፈልጠው፣ በበሽሎ ገደል ቁልቁለቱን አስጠርገው፣ ወራት የፈጀ መንገድ አሠሩለት እንጂ። ከዚህ የምንረዳው፣ ሠረገላ ለመንገድ ወይም መንገድ ለሠረገላ መታዘዝ እንዳለበት፣ መኪናውን ዝቅ የሚያደርግ ሰውም ሁለተኛውን መርጦአልና ከፊቱ የሚሄድ አንድ ቴዎድሮስ እንደሚያስፈልገው ነው።

ቴዎድሮስ ያልቀደመለት የአገሩ ሾፌር ሞላ አያሳጥርም፤ ባሌስትራ ይደርባል። ሲሰበርበትም ለጎማው ድንጋይ ታኮ አድርጎ፣ ክሪክ ከሥር አግብቶ፣ የተሰበረውን ብረት ከባልንጀሮቹ ጋር በከመነዳሪ ጠፍሮ እስከ ጋራዥ ያዘግማል። ከአገልግሎት የወጣው ብረትም አይጣልም፤ ቀጥቃጩ በወናፍ አግሎ፣ በመዶሻ ቀጥቅጦ ማረሻ ያደርገዋል፤ ነቢዩ ስለ ሰይፍ የተናገረው በባሌስትራ ተፈጽሞአል ማለት ነው። በምርምራችን ሁሉ፣ በዚህ ደጋ ያለ ነቀፋ ዝቅ ብሎ ያገኘነው ብረት ይህ ብቻ ነው፤ ከአፈር በታች ገብቶ ይሠራልና ሆዱን ድንጋይ ነካው ብሎ የሚያዝንለት የለም።

እንግዲህ ብይናችን እንዲህ ነው፦ የስፖርት መኪና ይዞ ወደ መካነ ሰላም ለመውጣት የቆረጠ ሰው ከሁለቱ አንዱን የግድ ምረጥ ቢባል ኮይልኦቨሩን ይምረጥ፤ ያጠረ ሞላ መልሶ አይረዝምም፣ ኮይልኦቨር ግን ወደ ላይም ይዞራልና። ደሴን ሳይለቅ ሠሪው እስከ ፈቀደው ጥርስ ድረስ ወደ ላይ ያዙረው፤ ጭቃው ደርቆ ጥርሱን እንዳይዘው በየጊዜው በብሩሽ ይጥረገው፤ መፍቻውንም ከመኪናው አያውርድ። ይህን ሁሉ አድርጎ ሆዱ ድንጋይ ቢነካበት፣ ረዳት እስኪጠራው ሳይጠብቅ ራሱ ይውረድ።