ኪራይ የነገሠባት መንደር

ኧረ እናንተ እኩዮቼ፣ ጉልበት የከዳችሁ፣ የልጅ ልጆቻችሁ «ስልኩን እንዲህ ነው የሚነኩት» እያሉ የሚያመናጭቋችሁ ወገኖቼ፣ እስቲ ጠጋ በሉና ላጉረምርምላችሁ። ኑሮዬ ሃንጋሪ ነው፤ በቶካይ የወይን አገር፣ ማድ በምትባል ሁለት ሺህ ያህል ሰው በሚኖርባት መንደር። በደርግ ዘመን ለእርሻ ትምህርት ተልኬ መጣሁ፣ የማድ ልጅ አገባሁ፣ ይኸው ቀረሁ። ዛሬ መንደራችንን መጤ ሞላት፣ ጎበዝ! ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሰው ብድግ ብሎ ይመጣል፣ ያገባል፣ በዚያው ይቀራል። ምን ዓይነት ዘመን ላይ ደረስን?

ከመንደሩ በላይ አንድ ኮረብታ አለ፤ ስሙ ኪራይ ይባላል። በሃንጋሪኛ «ንጉሥ» ማለት ነው። አማቴ መጀመሪያ በጣታቸው እያሳዩ «ያ ኪራይ ነው» ሲሉኝ «በወር ስንት?» ልል ምንም አልቀረኝ። ያኔ ለብቻዬ የሳቅሁበት ቀልድ ነበር፤ ዛሬ እውነት ሆኖ ቁጭ አለ። በማድ ኪራይ ነገሠ! በየደጁ «ክፍል ይከራያል» የሚል ሰሌዳ ነው። የእግዜር እንግዳ እግር ታጥቦ፣ እራት በልቶ፣ ተመርቆ ይሸኝ የነበረበት ቤት አልጋውን በሌሊት ቆጥሮ ይሸጣል። የእኛዋ ሰሌዳ ትንሽ ናት፤ እሷን አትቁጠሯት።

ወይኑማ ድሮ ቀረ። በመከር ጠዋት ከቦድሮግና ከቲሳ ወንዞች ጭጋግ ይነሣል፤ በጭጋጉ ፍሬው ይሻግታል፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ መጥታ እንደ ዘቢብ ታኮማትረዋለች። ይህ የሻገተ ፍሬ «አሱ» ይባላል፤ አንድ በአንድ በእጅ ይለቀማል። አብዛኛው አገር የሻገተውን ይደፋል፣ ቶካይ ግን ለነገሥታት ገበታ ያቀርበዋል፤ የሩሲያ ነገሥታት ለዚሁ ብለው ወይን የሚገዙላቸውን ሰዎች እዚህ ድረስ ልከው አስቀምጠው ነበር። ለቀማው በደጉ ዘመን የሚጀመረው በጥቅምት መገባደጃ፣ በስምዖንና በይሁዳ ቀን ነበር። ጣታችን በውርጭ ይደነዝዛል፣ ወገባችን ይቆረጣል፣ አፍንጫችን ይፈሳል፤ እንዴት ደስ ይል ነበር! የዛሬዎቹ ስኳር የሌለው ወይን እንሠራለን ብለው ገና በመስከረም ሙቀት ይለቅሙና «ደከመን» ይላሉ።

ፑቶኝ የሚባል ዕቃ ነበረ፤ እንደ ሕፃን በጀርባ የሚታዘል የእንጨት ማጋዣ ነው፤ ሃያ አምስት ኪሎ ያህል አሱ ይይዛል። 136 ሊትር በሚይዘው በርሜል ላይ ስንት ፑቶኝ ተጨመረ? ሦስት? አራት? አምስት? ስድስት? አለቀ፣ የወይኑ ማዕረግ ያ ነው። ፊደል ያልቆጠረም የሚገባው ሒሳብ! አሁን ጣፋጭነቱ በመሣሪያ ይለካል። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ በሊትር 120 ግራም ስኳር ያልሞላው የፑቶኝ ቁጥር አይጻፍበትም ብለው ደንብ አወጡና ባለ ሦስቱንና ባለ አራቱን ሰረዟቸው። እኔ ዕድሜ ልኬን የጠጣሁት ባለ ሦስቱን ነው፤ ኪሴ የሚደርሰው እስከዚያ ነበራ! ድሮ እኮ አዋጅ አዋጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1737 የሃንጋሪ ንጉሥ የቶካይን የወይን መሬት በወሰን ሲከልል ሰው «እሺ ጌታዬ» ብሎ አደረ። የዛሬ ሰው ደንብ በወጣ ቁጥር ማጉረምረም ነው። ፑቶኙንም አበባ እየተከሉበት መጫወቻ አደረጉት። እኛ ቤት ያለው ግን በክብር ነው የተቀመጠው፤ ጃንጥላ እናስቀምጥበታለን።

ሶሻሊዝም ሳለ እንዴት ያለ ፍቅር ነበር! የገደሉ ወይንና የሜዳው፣ የጎበዙና የሰነፉ፣ ሁሉም ለመንግሥት ገብቶ አንድ ላይ ይቀላቀላል። ሶቪየት ኅብረት ወይኑን ይገዛል፤ ጣዕሙን የሚጠይቅ የለም። ዳገቱን ትራክተር አልወጣው ሲል ተውነው፤ ምን የመሰለ ቁጥቋጦ በቀለበት መሰላችሁ! እ.ኤ.አ. ከ1990 ወዲህ ባለገንዘቡ ከውጭም ከውስጥም መጣና ያን ሁሉ መንጥሮ ወይን ተከለበት። ይኸው አሁን እያንዳንዱ ጉብታ በየጠርሙሱ ስሙ ይጻፍለታል፦ ኪራይ፣ ንዩላሶ፣ ሰንት ታማሽ፣ ቤቼክ። ባለፈው ቅዳሜ አንድ ጢማም ጎረምሳ ብርጭቆውን አዙሮ አዙሮ፣ አፍንጫውን ከትቶ አሽትቶ፣ «አባባ፣ ድንጋዩ ተሰማዎት?» አለኝ። ልጄ፣ እሳተ ገሞራ የተፋውን ይህን ድንጋይ አርባ ዓመት ስደናቀፍበት ኖሬያለሁ፤ በጉልበቴ በኩል በደንብ ይሰማኛል! ከዚያ ወይኑን ተጉመጠመጠና ተፋው። ተፋው! በእኛ ጊዜ ጠጅ ቤት ገብቶ የተፋ ሰው ዳግመኛ ብርሌ አይጨብጥም ነበር። ግፍ እንዳይሆን ብዬ የተረፈውን ጠርሙስ እኔ ጨረስኩት።

ስለ ወይን ጓዳ የሚያውቅስ ማን ቀረ? ጓዳው ከቋጥኝ ሥር የተፈለፈለ ዋሻ ነው፤ ግድግዳው እንደ በግ ለምድ በለሰለሰ ጥቁር ሻጋታ ተሸፍኗል። ሻጋታው ከበርሜሉ የሚተነውን እየማገ ይኖራል፣ የዋሻውንም እርጥበት ይጠብቃል። የዛሬ ልጆች ይህን አያውቁም። እኔማ ገና የመጣሁ ሰሞን ነው ያወቅሁት፤ አማቴን ላስደስት ብዬ መጥረጊያ ይዤ ገብቼ አንዱን ግድግዳ ነጭ እስኪሆን ፈገፈግሁት። አማቴ በሩ ላይ ቆመው የጮሁት ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከዚያ በኋላ እስኪያርፉ ድረስ መጥረጊያውን ከኔ ደብቀው ኖሩ።

አማቴ በማጉረምረም ከኔ ይብሱ ነበር፤ በዳቦው፣ በካህኑ፣ በዝናቡ። አንድ በር ላይ ስንደርስ ግን ዝም ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1795 የተሠራው የአይሁድ ምኵራብ ነው። የማድን ወይን እስከ ፖላንድ ድረስ የሸጡት የአይሁድ ነጋዴዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1944 የጸደይ ወራት ሰብስበው ወደ አውሽዊትዝ ወሰዷቸው። አማቴ ያኔ ልጃገረድ ነበሩ። ከማን ጋር ይጫወቱ እንደነበር፣ የትኛው ቤት የማን እንደነበር አንድም ቀን ነግረውኝ አያውቁም። ሕንፃው ዛሬ ታድሶ ያምራል፤ የሚጸልይበት ግን የለም። እኔም እዚያ ስደርስ አፌን እይዛለሁ።

ማዕዘኑን ስትታጠፍ ግን ግርግሩ ጀመረ! እ.ኤ.አ. በ2002 የቶካይ ምድር በዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ለፎቶ የሚያጎነብሰው ብዛት መንገድ አላስኬደን አለ። አንዷ ባለፈው ከነውሻዬ አነሣችኝ። ፎቶው በኋላ በስልኬ ደረሰኝ፤ ለስንት ሰው እንዳሳየሁት አልደብቃችሁም፤ ውሻው አምሮበታል።

እንግዲህ እኩዮቼ፣ ምክሬ አንድ ነው፤ አትምጡ። የሚበቃን መጥቶብናል። እምቢ ብላችሁ የመጣችሁ እንደሆነ ግን ከሌላ ደጅ እንዳትቆሙ፤ እኛ ዘንድ እረፉ። የክፍሏ መስኮት ኪራይን ፊት ለፊት ያሳያል፤ ለዚያ ትንሽ ጨመር አድርገናል። ለአገር ልጅ ቅናሽ አለ። ቁርስ ግን ለብቻው ነው።