ሰርፕራይዝ ለዘላለም ትኑር!

ኅዳር ሲጋመስ ከውጭ አገር አንዲት መልእክት ትመጣለች። «ለገና እገባለሁ። ለእማዬ እንዳትነግሯት!» ከሥሯ ጣቱን ከንፈሩ ላይ የሰካ ቢጫ ፊት ተለጥፎባታል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ወንድምነቴ ይቀርና የደኅንነት ሠራተኛ እሆናለሁ፤ ያለ ደመወዝ፣ ያለ አበል፣ ያለ ጡረታ።

ቢሆንም የሚመሰገን ይመስገን። ሰርፕራይዝ የሚባለውን ግኝት ያመጣችሁልን የሜሪላንድ፣ የዳላስ፣ የስቶክሆልምና የዱባይ ልጆቻችን ሆይ፣ ዕድሜ ከጤና ይስጣችሁ። ከእናንተ በፊት ኋላ ቀሮች ነበርን። ሰው ሊመጣ ሲል «እመጣለሁ» ይል ነበር። በደርግ ዘመን በእግሩ ወደ ሱዳን የተሻገረው ስደተኛ እንኳ፣ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ መመለሻው ሲከፈትለት፣ መጀመሪያ ደብዳቤ፣ ቀጥሎ ድምፁን የቀዳበት ካሴት፣ በመጨረሻ ራሱን ነበር የሚልከው። እናት ያንን ካሴት ባትሪው እስኪደክም እያስደገመች፣ ለመጣው ሁሉ እያሰማች፣ ወራት ትከርም ነበር። የጊዜ ብክነት! እናንተ ያን ሁሉ ወር ቆርጣችሁ ጣላችሁና የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ብቻ አስቀራችሁ፤ እሷንም ከኋላዋ ዋሽንት ጨምራችሁ።

አገባባችሁ ደግሞ እንዴት ያለ ነው! ከጎንደር ተነስቶ፣ አምባ ጊዮርጊስን፣ ዳባትንና ደባርቅን አልፎ፣ ጣልያን በወረራው ዘመን ገደሉን ፈልፍሎ በሠራው የሊማሊሞ ጥምዝምዝ ወደ ቆላው የሚወርድ አንድ መንገድ አለ። ከተማችን ዛሪማ ያለችው ከታች ነው። መንገዱ በመሐሏ አልፎ ወደ አዲ አርቃይ ይቀጥላል። በዚህ መንገድ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስሮ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ «ማንም እንዳያየኝ» የሚል ሰው ጀግና ካልተባለ ማን ይባላል? አየር መንገዱ የሚቀመጥበትን ወንበር ያውቃል። የቦሌ ጉምሩክ ሻንጣው ውስጥ ስንት ስልክ እንዳለ ያውቃል። የጎንደር ሻንጣ ተሸካሚ ያውቃል፣ ደባርቅ ላይ ሻይ የቀዳችለት ልጅ ታውቃለች፣ የሚኒባሱ ረዳትማ የማን ልጅ እንደሆነ ጠይቆ፣ የአባቱን ተዝካር እንደበላ አጫውቶታል። መኪናው ሊማሊሞን እየተጠማዘዘ ሲወርድ ወሬው ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ያልሰማች እናት ብቻ ናት። እሷም ሰምታለች፤ ግን አልሰማችም መባል አለባት።

የሰርፕራይዝ ትልቅነት በይበልጥ የሚታየው ጠላው ላይ ነው። እንግዳው በሰው አገር ዓመታት ሙሉ የናፈቀው፣ በየስልኩ ያነሳው፣ ገና በሩን ሲረግጥ በጣሳ ሊጨልጠው የተመኘው የእማዬን ጠላ ነው። የእኔን አይደለም፣ የእህቴንም አይደለም፤ ግሮሰሪ ያለውን ቢራማ ማየትም አይፈልግ። ጠላ ደግሞ በአንድ ሌሊት አይደርስም። ጋኑ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል፣ ጌሾው ተወቅጦ ይጠነሰሳል፣ ብቅሉ ይገባል፣ ቂጣው ይጋገራል፣ እንኩሮው ይታመሳል፣ ይደፈደፋል፣ ይጠመቃል። ሳምንት ያልፋል። በቤታችን ይህን ሁሉ የምታውቅበት አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ እሷም እንዳትሰማ የተባለችው ናት። እንግዲህ ከእኛ የሚጠበቀው የእማዬን ጠላ፣ በእማዬ እጅ፣ እማዬ ሳታውቅ ማስጠመቅ ነው።

መጀመሪያ እማዬን ማራቅ ያስፈልጋል። «ደባርቅ ያለችው አክስታችን ታማለች፤ ሂጂና ሰንብተሽ አስታሚያት» እንላታለን። እሷ ሊማሊሞን ስትወጣ ጎረቤታችን ያሉትን እናት «እባክዎ ጌሾ ይውቀጡልን» ብለን ልንለምን እንሄዳለን። ግን የእሳቸውም ልጅ ከስቶክሆልም በምስጢር ሊገባ ነው። የወይራው ጢስ ከሸተታቸው ነገሩ መታወቁ ነውና ልጆቻቸው «ደባርቅ ያለው ወንድምዎ ከበቅሎ ወደቀ» ብለው ቀድመው ሸኝተዋቸዋል። ሦስተኛው ቤትም እንዲሁ፣ አራተኛውም እንዲሁ። ታኅሣሥ ሲጋመስ ዛሪማ እናት አልባ ትሆናለች። አስተባባሪ ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመረጣል። በሽታ እንዳይደጋገም መዝገብ ይከፈታል፤ «የወገብ ሕመም አልቋል፤ የቀረው ጨጓራና ሪህ ነው» እየተባለ በተራ ይታደላል።

ደባርቅ ብርድ ነው። የቆላ እናቶች ጋቢያቸውን ተከናንበው መናኸሪያው ላይ ሲወርዱ ይተያያሉ። «አንቺስ ማን ታመመብሽ?» «እህቴ ነበረች፤ ስደርስ ግን ገበያ ወጥታለች።» «የእኔም ወንድም ከበቅሎ ወደቀ ብለውኝ ነበር፤ በቅሎ እንኳ የለው።» ትንሽ ዝም ይባላል። ከዚያ አንደኛዋ «በሉ ይመጣሉ ማለት ነው» ስትል እልልታው ደባርቅን ያናጋዋል። እናት ደግሞ ሥራ ፈትታ አትቀመጥም፤ «በታመመችው» አክስት ጓዳ ጋን ተዋውሰው እዚያው ይጠነስሳሉ። እንግዶቹ በቆረጡት ቀን፣ ካሜራቸውን ደግነው፣ በእግር ጣታቸው እየተራመዱ ዛሪማ ሲገቡ ምን ያገኛሉ? ባዶ ጓዳና እኔን። እናት ደባርቅ፣ ጠላ ደባርቅ። ኮሚቴው አስቸኳይ ስብሰባ ይጠራና እናቶቹንና ጋኖቹን በአንድ አይሱዙ ጭኖ ሊያወርድ ይወስናል። በየጥምዝምዙ ሴቶቹ ጋኖቻቸውን አቅፈው ሲንገላቱ፣ ሊቀ መንበሩ በስልክ «እናቶቻችን፣ አደራችሁን፣ ስትወርዱ ምንም እንዳላወቃችሁ ሁኑ» እያለ ያሳስባል።

ይህ እስካሁን አልሆነም። እየተቃረብን ግን ነው።

የቀሩትን ጥቅሞች ባጭሩ ልጥቀስ። የእንግዳው የሥራ ፈቃድ ከፈረንጅ ገና ጋር የተሰፋ ስለሆነ ታኅሣሥ 16 ቀን ከች ይላል፤ እኛ ከኅዳር 15 ጀምረን በጾም ላይ ነን፤ እሱ «ዶሮው የታለ?» ይላል፤ ጾሙን አስታውሰን ሽሮ ስናቀርብ ይቀየማል። በግ ደግሞ ምስጢር አይጠብቅም፤ ጎረቤት ግቢ ብንደብቀውም ሌሊቱን ሲጮኽ ያድራል። የመጀመሪያው እልልታ ካልተቀረጸ «እማዬ፣ አንዴ ውጪና እንደገና ግቢ» ትባላለች፤ በሰባ ዓመቷ ተዋናይ ሆናለች።

ገንዘቡን ግን በአንድ መስመር አላልፈውም። ቀኑን የተናገረ እንግዳ «በግ ግዙበት፣ ቤቱን አስለቅልቁበት» ብሎ ቀድሞ ይልካል። የሰርፕራይዝ እንግዳ ምንም አይልክም፤ የሚላክ ብር ምስጢር ያወጣልና። በጉን በዱቤ የምገዛው እኔ ነኝ፣ ቅቤውንም እኔ፣ የሚኒባሱን ኮንትራትም እኔ። ብሩ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር መቶን ጥሎ ሲሮጥ ዘይቱም ስኳሩም ተከትሎታል። እንግዳው ግን ከሂሳብ ማሽኑ ቀና ብሎ «አገሩ እንዴት ረክሷል!» ይለኛል። ለማን?

ይሁን፤ ዱቤ ይከፈላል። የማይከፈለው ሌላ ነው።

ነገሩን እስቲ እናት ከምታየው በኩል እዩት። በየእሑዱ የሚደውለው ልጇ ሁለት ቀን ስልኩ ይጠፋል፤ አውሮፕላን ላይ ነው። ልጆቿ ስትገባ ዝም እንላለን፣ ስትወጣ እንንሾካሾካለን። ጎረቤት ሲያገኛት ዓይኑን ይሰብራል። ከዳባት አጎት ያለ ምክንያት ይመጣና «እንዲሁ ልጠይቃችሁ ብዬ» ይላል። ማለዳ በሯን ስትከፍት ግቢው ውስጥ ሰዎች ቆመዋል፤ የሚናገር የለም። ይህን ሁሉ ባንድ ላይ አይታ የምታውቀው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በመርዶ። እኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው እንዲህ ነው፤ ዘመድ በምስጢር ይጠራራል፣ ሌሊቱን ይሰባሰባል፣ ጎህ ሲቀድ በር ይመታል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ በዛሪማ በኩል ካለፈ ወዲህ ያንን ጎህ ያየ ቤት ብዙ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ፣ ልጅ ድምፁ ሲጠፋ እናት ምን እንደምታስብ በየቤቱ ተምረነዋል።

ስለዚህ በቪዲዮው መጀመሪያ ላይ እናትየው ደረቷን ስትመታ የምትታየው በደስታ አይደለም። ሞተ ብላ ነው። ደስታው ከአሥር ሰከንድ በኋላ የሚመጣው ነው፤ እናንተ «ልብ የሚነካ» ብላችሁ የምትቀባበሉት ግን የመጀመሪያውን አሥር ሰከንድ ነው። ይህ ጨዋታ አይደለም፤ ጭካኔ ነው።

የወሰዳችሁባት ደግሞ ድንጋጤው ካመጣባት ይበልጣል። «ልጄ ለገና ይገባል» ማለት ያለ ገንዘብ የሚገኝ ሀብት ነው። ለማኅበርተኞቿ ትነግረዋለች፣ ለንስሐ አባቷ ትነግረዋለች፣ ገበያ ላይ በርበሬ ስትመርጥ ለማታውቃት ሴት ትነግረዋለች፤ ከሁሉ በፊት ግን ለተኳረፈቻት ጎረቤቷ ትነግራታለች። ቤቱን ታስለቀልቃለች፣ «የሚተኛበት ይህ ነው፣ አይ ይህ ይሻላል» እያለች አልጋ ታዟዙራለች፣ ሌሊት እየነቃች ቀን ትቆጥራለች። እናንተ የምትቆዩት ጥቂት ሳምንት ነው፤ ከዚያም ላይ ግማሹን ለጥምቀት ጎንደር ወጥታችሁ ፋሲለደስ መዋኛ አጥር ሥር ፎቶ ስትነሱ ታልፋላችሁ። የእሷ በዓል ያ የመጠበቂያው ወር ነበር።

ቀን ማወቅ ደስታን ይቀንሳል የሚል ካለ ጎንደር ይውጣ። ታቦታቱ ጥር 10 ከመንበራቸው እንደሚወጡ፣ ጥር 11 ውሃው ተባርኮ እንደሚረጭ፣ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ሁሉም ያውቃል። «ዘንድሮም ያው ቀን ነው» ብሎ እልልታውን የቀነሰ ሰው አልታየም። መንግሥት ራሱ በ2014 ዓ.ም. አንድ ሚሊዮን ዳያስፖራ ለገና ወደ አገሩ ይግባ ብሎ ሲጠራ፣ ጥሪውን ያሰማው ኅዳር ላይ፣ ባደባባይ ነበር፤ አየር መንገዱም በቲኬት ዋጋ ላይ ቅናሽ አድርጎ ነበር። ነገር በመደበቅ የማይታማ መንግሥት የለም፤ የልጅን መምጣት ግን እሱም አልደበቀም።

እናንተው አገር ያለውንም እናውቃለን። ሜሪላንድ ላይ በአንድ ፎቅ የሚኖሩ ሁለት የዛሪማ ልጆች ቡና ሊጠጡ ሲፈልጉ አስቀድመው መልእክት ይጻጻፋሉ፤ ሳይደውል የመጣን ሰው በሩን የሚከፍትለት የለም። «ሰው ያስቸግራል» ትላላችሁ፤ ልክ ናችሁ። እንግዲያው እናቶቻችንም በተራቸው ሰርፕራይዝ ያድርጓችሁ። ሰኞ ሌሊት አሥር ሰዓት፣ ለሥራ ልትነሱ ስትሉ፣ የዛሪማ እናቶች ጋናቸውን ተሸክመው በራችሁን ይምቱ፤ ካሜራውን እኔ እይዛለሁ። የሚያሳዝነው አይቻልም። የአሜሪካ ኤምባሲ ድንገተኛ እናት አይወድም፤ ዲኤስ 160 የሚባለውን ቅጽ ያስሞላል፣ የቃለ መጠይቅ ቀጠሮ ያስይዛል፣ መቼ እንደምትሄድ፣ የት እንደምታርፍ፣ ማን እንደሚከፍልላት ይጠይቃል። ኤምባሲው ለእናንተ አገር የሚያደርገውን ጥንቃቄ እናንተ ለእናታችሁ ነፈጋችኋት።

ስለዚህ ደውሉ። ከወር በፊት ደውሉና ቀኑን ንገሯት። የጫማ ቁጥሯን ጠይቋት። በጉን የሚገዛው ማን እንደሆነም ንገሩኝ፤ ይህ ለእኔ ነው። ቪዲዮው ይበላሽብናል ብላችሁ አትስጉ፤ ካሜራችሁን ይዛችሁ ኑ። ከወር በፊት የተነገራት እናትም በሩ ላይ ስታያችሁ ታለቅሳለች፤ ጠላውም ደርሶ ይጠብቃችኋል።