ገዢ ያጣ ዕቃ ምስክርነት፦ ስለ ቮልስ ሞዴል አወሳሰን

የቮልስን የልደት ዘመን በተመለከተ በሊቃውንቱ መካከል የቆየ ክርክር አለ። ሊቃውንት ስል ሶማሌ ተራ በተፈታ መኪና ዙሪያ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው የሚቆሙትን ማለቴ ነው። የችግሩ መነሻ የዘመን አቆጣጠር ነው፤ ልጁንም ዕዳውንም በአገሩ አቆጣጠር የሚቆጥር ሰው የመኪናውን ሞዴል ግን በፈረንጅ ይቆጥራል። ስለዚህ «የ67 ቮልስ» ሲባል እ.ኤ.አ. የ1967 ሞዴል ማለት ነው ወይስ ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት በቮልስ በተወሰዱበት በ1967 ዓ.ም. የተገዛ? በመካከሉ ሰባት ዓመት ከምናምን ጠፍቷል። ፋብሪካውም ነገሩን አላቃለለውም፤ አዲሱን ሞዴል ማውጣት የሚጀምረው በኦገስት፣ በፍልሰታ ዋዜማ ነበር። ከፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ይልቅ ለእንቁጣጣሽ መቅረቡን ግን ሳያመሰግኑ ማለፍ ነውር ነው።

የዚህ ጥናት አቋም እንዲህ ነው፦ ከተፈታ ቮልስ ላይ እውነቱን የሚናገረው ገዢ ያጣው ዕቃ ብቻ ነው። የሚሸጥ ዕቃ ከመኪና መኪና ይዞራል፤ ብዙ ቤት የዞረ ደግሞ ለምስክርነት አይበቃም። የመብራት ሊቃውንት የፊት መብራቱ ቀጥ ብሎ ከቆመ ከ1968 ሞዴል ወዲህ ነው ይላሉ። ልክ ናቸው፤ ነገር ግን መብራቱ የተተከለው ፓራፋንጎው ላይ ነው፣ ፓራፋንጎው ደግሞ በብሎን የታሰረ ነው። ሞተሩ ከዚህም የባሰ ነው፤ አራት ብሎን ከተፈታለት የጌታውን ስም አያስታውስም። ከዚህ ሁሉ የማይነቃነቅ የኋላ መስታወቱ ቀዳዳ ነው። መስታወቱን አላልኩም፣ እሱ ይሸጣል። ቀዳዳው እስከ 1953 ለሁለት የተከፈለ፣ እስከ 1957 እንቁላል መሰል ነበር፤ ከዚያ ሰፋ፣ በ1965 ሞዴል ደግሞ እንደገና ሰፋ። ቀዳዳ ገዝቶ ወደ ቤቱ የሄደ ሰው ስለሌለ ምስክርነቱ ይጸናል።

«ሊብሬው ላይ ተጽፎ የለም ወይ?» የሚሉ አሉ። ሊብሬ የሚመሰክረው ስለ ሊብሬ ነው። የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ የቮልስ ገላ ራሱ ከሻንሲው ጋር በብሎን ስለሚያያዝ ቀዳዳውም ከነገላው ሊሰደድ ይችላል። እውነት ነው። መልሱ ከኋላ ወንበር ሥር፣ በመሐል ወለሉ ጉብታ ላይ የተመታው ቁጥር ነው። ከ1965 ሞዴል ጀምሮ ሦስተኛው አኃዝ ሞዴሉን ይነግራል፤ 115 ካለ 1965 ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ 115 ተመልሶ ቢመጣም፣ ከ1970 ወዲህ ቀጥሎ 2 ስለሚገባ አባትና ልጅ አይምታቱም። ቁጥሩና ቀዳዳው ካልተስማሙ መኪናው ሁለት ልደት አለው ማለት ነው፤ የክርስትና ስምና የዓለም ስም ለያይቶ ለሚጠራ ሕዝብ ይህ እንግዳ አይሆንም።

የሚያሳዝነው ባትሪውም የሚቀመጠው እዚያው ወንበር ሥር መሆኑ ነው፤ አሲድና ዝገት ከቁጥሩ ጎረቤት ይኖራሉ። ደግሞም ወንበሩ ሳይሸጥ ቁጥሩ አይታይም። ስለዚህ ሞዴሉ ያለ ጥርጥር የሚታወቀው ሞተሩ፣ በሩ፣ መብራቱ፣ ቸርኬውና ወንበሩ ሄደው ካለቁ በኋላ፣ ላሜራው ወደ ምናለሽ ተራ ሊጫን ሲል ነው። ከዚያ ላሜራ የተቀጠቀጠ የከሰል ምድጃ ሲገዛ ሞዴሉ ስንት እንደሆነ የሚጠይቅ ደንበኛ ግን የለም።