ሐተታ በእንተ ቁስለ ዊንስተን

እንግሊዛዊው ደራሲ ጆርጅ ኦርዌል እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው «1984» በተሰኘው ልብ ወለድ ላይ ሊቃውንት ስለ ሥልጣን፣ ስለ ሐሰትና ስለ ነፃነት እጅግ ብዙ ቀለም አፍስሰው ሳለ፣ ደራሲው ገና በመጀመሪያው ገጽ ለአንባቢ ያስተዋወቀው የዋናው ገጸ ባሕርይ የዊንስተን ስሚዝ ቀኝ እግር፣ ይልቁንም ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ያለው የደም ሥር ቁስል፣ የሚገባውን ያህል አለመመርመሩ ለሥነ ልቡና ትምህርት ታላቅ ጉድለት ነው። ይህ ሐተታ ያንን ጉድለት ይሞላል።

አስቀድሞ የአገሩን ሥርዐት ማወቅ ያሻል። ዊንስተን በሚኖርባት በኦሺኒያ ስሜት ፈጽሞ ክልክል ነው የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ተሳስተዋል። ጥላቻ ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ለሁለት ደቂቃ ያህል በማኅበር ይፈጸማል፤ ፍቅርም ቢሆን ለአገሪቱ መሪ ለታላቅ ወንድም (ዕድሜያቸውን ያርዝመውና) እስከቀረበ ድረስ የሚከለክለው የለም። የተከለከለው ስሜትን በግል ይዞ መገኘት ነው። ያልተገባ የፊት መልክ ማሳየት ራሱን የቻለ ወንጀል ስለሆነም፣ ዊንስተን ሰውን ወደሚሰልለው ቴሌስክሪን ዘወር በሚልበት ጊዜ ሁሉ ፊቱን ረጋ ያለ ተስፋ ያለብሰዋል። እንግዲህ ከፊት የተባረረ ስሜት ወዴት ይሰደዳል? የቪየናው ሊቅ ዶክተር ሲግመንድ ፍሮይድ በ1895 ከዶክተር ዮሴፍ ብሮየር ጋር ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ኅሊና አልቀበልህም ብሎ ያሰናበተው ስሜት በሥጋ በኩል በር ከፍቶ እንደሚወጣ አስተምረዋል። በኦሺኒያ ፊትን የሚጠብቅ ሲሾም ለቁርጭምጭሚት ጠባቂ አልተሾመለትም፤ ይህም ግልጽ የአስተዳደር ጉድለት ነው።

ቁስሉ ያሳክካል፤ ዊንስተን ግን እንዳያመረቅዝበት ፈርቶ ሊያከው አይደፍርም። ስሜቱን የከለከለው መንግሥት ሲሆን ማከክን የከለከለው ግን ራሱ ዊንስተን መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። ይባስ ብሎ፣ ጧት ጧት በቴሌስክሪኑ የምታሠራው የአካል ማጎልመሻ አስተማሪ 6079 ብላ በቁጥሩ ጠርታ የእግሩን ጣቶች እስኪነካ ዝቅ እንዲል ባዘዘችው ጊዜ፣ መንግሥት ሳያውቀው የበሽተኛውን እጅ ወደ ቁስሉ ሠፈር አወረደው፤ ዊንስተንም ከብዙ ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጉልበቱን ሳያጥፍ ጣቶቹን ነካ። ከምስጢሩ በአንድ ስንዝር ርቀት ደርሶ ተመለሰ ማለት ነው።

የትርጓሜ መምህራኖቻችን እንደሚያደርጉት ይህን ቁስል ብንፈታው፣ አንድም ቁስሉ ሚስቱ ካተሪን የፓርቲ ግዴታ ብላ ትፈጽመው የነበረው የመኝታ ሥርዐት ያስቀረው ፍቅር ነው። አንድም ቁስሉ በረኀቡ ዘመን ከታናሽ እኅቱ እጅ መንጭቆ የሮጠባት ቸኮሌት ናት፤ ለብዙ ዘመን ረስቷት ኖሮ በሕልም ተመልሳ መጥታበታለችና። አንድም ቁስሉ ቁስል ነው። ይህን የመጨረሻውን ፍች የሚመርጡ ሐኪሞች አይጠፉም፤ ዕድሜው 39 የደረሰ ሰው ሊፍቱ በማይሠራ ሕንፃ ሰባት ፎቅ በእግሩ ሲመላለስ ደም ሥሩ ቢያብጥ ምን ይደንቃል ይላሉ። ነገር ግን ከፍቅረኛው ከጁልያ ጋር በድብቅ መገናኘት ከጀመረ ወዲህ ቁስሉ ደርቆ ቡናማ ምልክት ብቻ መቅረቱን፣ የጧት ሳሉም መተዉን ደራሲው በግልጥ መስክሯል፤ የተገናኙባት ክፍልም ደረጃ የሚወጣባት ነበረች። ሐኪሞቹ በዚህ ላይ ምን እንደሚሉ እንጠብቃለን።

ስለ እንዲህ ያለ ጨቋኝ ሥርዐት የጻፉ ሌሎች ደራስያን ለሥጋ ይህን ያህል አልተጨነቁም። የሩሲያው ዛምያቲን «እኛ» በተባለው መጽሐፉ ነፍስ የበቀለችበትን መሐንዲስ በጨረር ያሳክማል፤ ሐክስሊም በ1932 ባወጣው መጽሐፍ ዜጎቹ ሳይቆጡ የቁጣውን ቅመም ወር በወር በደማቸው እንዲያገኙ ያደርጋል። ሁለቱም ከጤና ጥበቃ አሠራር አያልፉም።

ለዊንስተን ትክክለኛዋ አቻ፣ ዶክተር ፍሮይድ ኤልሳቤጥ ፎን አር. የሚል ስም ያወጡላት የ24 ዓመት ወጣት ናት። እርስዋም እግሯን፣ ይልቁንም ቀኝ ጭኗን ትታመም ነበር፤ ያም ቦታ ታማሚ አባቷ ያበጠ እግራቸውን ጧት ጧት አሳርፈው ፋሻ ታስርላቸው የነበረው ቦታ ነው። ዶክተሩ በመጀመሪያ እግሯን በኤሌክትሪክ ነዘሯት፣ እርስዋም ንዝረቱን ወደደችው፤ ቀጥሎም ራሷን በእጃቸው እየተጫኑ ሲጠይቋት የእኅቷን ባል በስውር ትወድ እንደነበረ ታወቀ። ዊንስተን በታሰረ ጊዜ የመረመሩት አቶ ኦብራየንም በፍቅር ሚኒስቴር ይህንኑ ሥርዐት ነው የተከተሉት። ኤሌክትሪኩን ከመቶው በ40 ጀመሩ፤ ከዚያ በፊትም በሽተኛቸውን ሰባት ዓመት ሙሉ ሳይሰለቹ ተከታትለውታል፤ በኋላም ሚኒስቴሩ ቁስሉን በቅባት አሽቶለት ጥርስ አስተክሎለታል። ኤልሳቤጥ የዳነችው የእኅቷን ባል መውደዷን ባመነች ጊዜ ሲሆን፣ ዊንስተን የዳነው ታላቅ ወንድምን መውደዱን ባመነ ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱም ደዌያት የቤተ ዘመድ ደዌያት እንደነበሩ ከእንግዲህ የሚያከራክር አይመስለኝም።

ስለ መዳኗ ማስረጃ ይሆን ዘንድ ዶክተር ፍሮይድ በ1894 ኤልሳቤጥ በምትገኝበት የጭፈራ ግብዣ ላይ ለመጠራት ደጅ ጠንተው ስትደንስ አይተዋታል። አቶ ኦብራየን እንዲህ ያለ ድካም አላስፈለጋቸውም፤ ዊንስተን ወፍሮ፣ ፊቱ ቀልቶ፣ ከቀድሞው የተሻለ ደመወዝ በጥቂት ሥራ እያገኘ፣ በአንድ ካፌ ከማይወሰድበት ጠረጴዛ ተቀምጦ ይታያል። ስለ ዋጋው ከተነሣ ግን የቪየናው አሠራር ወደ ኋላ የቀረ ነው። ዶክተር ፍሮይድ በ1913 ባወጡት መመሪያ በሽተኛው ሳይመጣ የቀረበትን ሰዓት እንኳ እንዲከፍል ሲያዝዙ፣ ኦሺኒያ ሕክምናውን ሁሉ በነፃ ሰጥታለች፤ ለዊንስተን የሚቀርብለት የጂን ሒሳብ እንኳ ዘወትር ከዋጋው ዝቅ ያለ መስሎ ይታየዋል።